ግዥልን ብለን ሽማግሌ የሄድንበት ቤት

ሽማግሌ ሆኜ ብዙ ደጅ ረግጫለሁ። ልጅ ለመጠየቅ ሄጃለሁ፣ ድንበር የተጋፉ ሰዎችን ለማስታረቅ ሄጃለሁ፣ ሚስቱ ያኮረፈችበት ሁሉ እኔን ነው የሚልከኝ፤ አፌ አያፍርም። የገዛ ወንድሜን ቤት ግዥልን ብዬ ሰው ደጅ የቆምሁት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ይኸ ነገር ሳይጻፍ እንዳይቀር ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁ። ፊደል የቆጠርሁት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረችው ይመስላል፤ ቢሆንም ይነበባል።

እኔ ያለሁት እንጅባራ ነው፣ የጭቃ ቤቴ ውስጥ፣ በቀርከሃ አጥሬ ተከብቤ። ታናሽ ወንድሜ ዳንግላ ነው። እናታችን በጊዜ ስለሞተች እኔ ነኝ ያሳደግሁት። እሱ ግን ለሰው ሲያወራ «ጋሼን ያሳደግሁት እኔ ነኝ» ይላል። ጋሼ እያለ አንተ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። ስንጣላ በአገውኛ ነው፣ ስንታረቅ በአማርኛ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፤ ምናልባት ዕርቁን ሰው ሁሉ እንዲሰማው ይሆናል።

ወንድሜ ዲከረንስ የሚሉትን ዛፍ ተክሎ፣ ከሰል አክስሎ፣ በጥቀርሻ ፊት ነው ቤት የሠራ። በአስፋልቱ ዳር ሁለት ሱቅ፣ ከኋላ የተደረደሩ ክፍሎች፣ ጥግ ላይ ደግሞ እሱና ሚስቱ የሚኖሩባት። ከሱቆቹ አንዱ ፀጉር ቤት ነበር። አንዱን ቅቤና ማር የምትነግድ ባሏ የሞተባት ሴት ተከራይታዋለች። የኋላውን አስተማሪዎችና ነርሶች ይዘውታል። ኪራይ ማለት ሳር የማትጠይቅ ላም ናት። ወንድሜ ሲሸብት አልቦ መጠጣት ብቻ ነበር የቀረው።

ታዲያ አንድ ደላላ መጣና «ቤትህ እኮ ተኝቷል» አለው። ቤት ተኝቶ አያውቅም፣ ሰው ነው የሚተኛበት። ወንድሜ ግን ነገሩ ገባበት። እንጅባራ ድረስ በሚኒባስ መጥቶ ገና ሳይቀመጥ ጀመረኝ።

«ጋሼ፣ ፎቅ ልሠራ ነው።»

«በምን?»

«በባንክ።»

«ባንክ ግንበኛ ሆነ እንዴ?»

«ቀልዱን ተወው። ካርታዬን ይይዛል፣ ብሩን ይሰጠኛል። ማን ይከፍለዋል ብትለኝ፣ ቤቱ ራሱ! የምድር ቤቱ ኪራይ የባንኩን ወር ይከፍላል። ፎቁ ሲያልቅ የፎቁ ኪራይ ለኔ።»

«ፎቁን በምን ላይ ነው የምታወጣው?»

«በቤቱ ላይ ነዋ። መሠረቱን ስጥል አስቤበት ነው።»

«ቆርቆሮውስ?»

«ይነሳል።»

«እንግዲያ ተከራዩ ምን ለብሶ ነው የሚያድረው?»

ሳቀብኝ። «አንተ የጭቃ ቤት ሰው ነህ፣ አይገባህም» አለኝ። እኔ ግን የጠየቅሁት ለቀልድ አልነበረም። ያንን ቤት ከፋይ ያደረገው ጣሪያው ነው። ጣሪያውን አንስተህ ክፈል ብትለው በምን ይከፍላል? ይኸን ነገርሁት። «የአርማታው ሶሌታ ሲሞላ እሱ ራሱ ጣሪያ ነው» አለኝ። ለሁሉም መልስ ነበረው።

ብድሩ የሚስቱንም ፊርማ ይፈልግ ነበር። ኋላ ስጠይቃት «ፈርሚ አለኝ፣ ፈረምሁ። በሰርጋችንም ቀን እንዲሁ ነበር ያለኝ» አለችኝ።

ቆርቆሮው በበጋ ተነሳ። ከዚያ በኋላ ብረቱም ሲሚንቶውም እየተወደደ ሄደ፤ ዛሬ የጠየቅኸው ዋጋ ነገ አይገኝም። ሶሌታው እንደምንም ተሞላ፣ ዓምዶቹ ቆሙ፣ ብሩ እዚያ ላይ አለቀ። የዓምዶቹ ፌሮ ብረት ወደ ሰማይ እንደ ጃርት ወስፌ ተገትሮ ቀረ። ክረምቱ ደግሞ የኛ አገር ክረምት ነው፣ የጀመረውን ሳይጨርስ አይሄድም። ውኃው ባላለቀው ሶሌታ ላይ ተኝቶ ተኝቶ ወደ ታች መንጠባጠብ ጀመረ። ፀጉር ቤቱ መጀመሪያ ወጣ። አስተማሪዎቹ መጽሐፋቸው እየራሰባቸው ተከተሉ። ነርሶቹ አፈሩ፣ ትንሽ ቆዩ፣ እነሱም ሄዱ። ወንድሜ ማንንም አልያዘም። ሰው ላይ እየዘነበበት ኪራይ አይጠየቅም።

የቀረችው ቅቤ ነጋዴዋ ብቻ ናት። ከራሷ በላይ ሸራ ወጥራ ተቀመጠች። «አንቺስ አትሄጂም?» ብላት «ቅቤ ውኃ አይፈራም አባባ። እኔም ቅቤ ተቀብቼ እቀመጣለሁ» አለችኝ።

የባንክ ወር ግን ክረምት የለው፣ ጾም የለው። ተከራይ ቢኖርም ባይኖርም ይመጣል። ቤቱ ይከፍላል የተባለው ብድር፣ ቤቱን ከፋይ ያደረገውን አባሮ ቁጭ አለ። ወንድሜ የከሰሉን ገንዘብ ከፈለ። ሚስቱ ያንገቷን ወርቅ ሸጣ ከፈለች። ከዚያ በኋላ የሚሸጥ ጠፋ።

አንድ ቀን ስኳርና ሙዝ ይዞ መጣ። ወንድሜ ወደኔ ቤት መጥቶ ይበላል እንጂ ይዞ መምጣት አያውቅም። ሙዙን ሳይ ልቤ ፈራ።

«ጋሼ፣ ካርታህን ጨምርልኝ። ባንኩ ተጨማሪ መያዣ ካገኘ ይጨምርልኛል፤ ፎቁን ጨርሼ አከራያለሁ።»

«አይሆንም።»

«አስበው እንጂ!»

«አስቤዋለሁ። አንተ ጉድጓድ ገብተሃል። እኔም ዘልዬ ብገባልህ ገመዱን ማን ይጥልልናል?»

«ወንድምህ ነኝ።»

«ወንድሜ ስለሆንህ ነው። ቤትህ ቢሄድ ወዴት ነው የምትመጣ? ወደዚህ። ይኸም ከሄደ ሁለታችንም ወዴት ልንሄድ ነው?»

ተነስቶ ወጣ። ባጃጅ ውስጥ ሲገባ ዞሮ አላየኝም። ሙዙ ጠረጴዛው ላይ ጠቁሮ ተጣለ፣ እጄን አልሰደድሁበትም። ከዚያ ወዲያ ስደውልለት ሚስቱ እያነሳች «ጋሼ፣ ውጭ ነው» ትለኛለች፤ ከኋላዋ ሲያስል እሰማዋለሁ። ዛሬ ቢጠይቀኝም መልሴ ያው ነው። ግን ደግሞ ያንን ሳል እየሰማሁ ስልኩን መዝጋት ቀላል አልነበረም።

ባንኩ ቤቱን ሊሸጥ የሐራጅ ማስታወቂያ አወጣ። ቀኑ ሲደርስ ሳልጠራ ሄድሁ። ባንኩ ደጅ የዳንግላ ሰው ግጥም ብሏል። የእህል ነጋዴውም አለ፤ የወንድሜ ጎረቤት ነው፣ ያንን የአስፋልት ዳር ማዕዘን ዕድሜውን ሙሉ ሲመኝ የኖረ። በሆዴ እሱ ይወስደዋል ብያለሁ። ሰዓቱ ደረሰ። ማስያዣ ያስያዘ ተጫራች ተጠራ። ማንም የለም። ደግመው ጠሩ። ሰው መሬት መሬት ያያል። የእህል ነጋዴው ጫማውን ያያል። አንድ ሰው ጉሮሮውን ሊጠርግ ፈልጎ መልሶ ዋጠው።

ለሌላ አገር ሰው ይኸ ላይገባው ይችላል። በኛ ዘንድ የጎረቤቱን ቤት በሐራጅ የገዛ ሰው ለቅሶ ቤት ሄዶ የሚቀመጥበት አያገኝም። ማንም ተሰብስቦ አልመከረበትም፤ ሁሉም ለየራሱ እምቢ ብሎ ነው የመጣው። የመጡትም ማንም አለመግዛቱን በዓይናቸው ለማየት ነው።

ወንድሜ አለቀሰ። እኔን አቅፎ አለቀሰ፣ ኩርፊያውን ረስቶ። «አየህ ጋሼ፣ ሰው አለኝ!» አለኝ። ያን ዕለት በግ ታረደ። ካልተጫረቱት ሰዎች ግማሾቹ መጥተው በሉ። ሸራ ሥር፣ ጠብ ጠብ እያለብን፣ እንደ ሰርግ ተጫወትን። እኔም ጨፈርሁ፣ ምን እዋሻለሁ።

በነጋታው ወደ እንጅባራ ልመለስ መናኸሪያ ስሄድ የባንኩ ሠራተኛ፣ መነጽር ያደረገች ልባም ሴት፣ መንገድ ላይ አገኘችኝና ቆመች።

«አባባ፣ ትናንት በግ አረዳችሁ አሉ።»

«አረድን። የሚገዛ ጠፋ!»

«አባባ፣ አይቆጡኝና፣ ምኑ ነው ደስ ያላችሁ?» አለችኝ። «ዕዳው አልጠፋም፣ ወለዱም እየጨመረ ነው። ሁለተኛ ሐራጅ ይወጣል። በሁለተኛው ቤቱ በወረደ ዋጋ ሊሄድ ይችላል። የአገሩ ሰው ካልተጫረተ ወንድምዎን የማያውቅ ከሩቅ መጥቶ በርካሽ ይወስደዋል። ዋጋው ዕዳውን ካልሸፈነ ደግሞ ቤቱም ይሄዳል፣ ዕዳውም ይቀራል።»

«ሰው ቢጫረትስ?»

«ዋጋው ይወጣል። ከዕዳው የተረፈው የሳቸው ነው። እናንተ የሚያስፈልጋችሁ ዝም የሚል ሰው ሳይሆን የሚጫረት ሰው ነው።»

መናኸሪያውን ትቼ ተመለስሁ። አገር በሙሉ ወንድሜን ወዶ ወዶ ሊገድለው ነበር።

ከወንድሜ የነፍስ አባት ጋር ተማከርሁ። ከእህል ነጋዴውም ጋር። እሱን «ለምን አንተ አትገዛውም?» አልሁት።

«እኔ?» አለ ደንግጦ። «አገር ሁሉ ስመኘው እያየኝ ኖሯል። አድፍጦ ሲጠብቅ ነበር ይለኛል። ሽማግሌነቱን ግን አልቀርም።»

ሦስታችን ወደ ቅቤ ነጋዴዋ ሱቅ ሄድን። ገንዘብ እንዳላት እናውቃለን፤ ቅቤዋ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። ቤቱንም ትወደዋለች፤ ሰማይ እየዘነበባት ያልወጣች ናት። በሩ ላይ ተደርድረን ስንቆም እጇን በቀሚሷ ጠረገችና አየችን።

«ምነው? እኔን የሚያገባ ተገኘ? ሽማግሌ ከሆነ አልፈልግም፣ ሦስት ደጄ ላይ አሉኝ።»

«ጉዳይ ይዘን ነው» አሉ አባ።

«ግቡ ተቀመጡ እንጂ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አልሁ። ደንቡ ነው። «ቤቱን ግዥልን።»

ማንኪያዋን ቅቤው ላይ ተከለችው። 

«ከአፍዎ ይውጣ አባባ! ባሌን ቀብሬ ስመጣ እዚህ ነው ያረፍሁት። ኪራይ ሲያጥረኝ ወንድምዎ ‹ቅቤው ሲሸጥ ትሰጪኛለሽ› ብሎ ያልፈኝ ነበር። ያዘለኝን ሰው ልጥለው?»

«አዝለሽ ታወጪዋለሽ እንጂ አትጥይውም» አልሁና ባንከኛዋ ያለችኝን ሁሉ ነገርኋት። አንድ ከሩቅ የመጣ ሰው ቢገዛው መጀመሪያ የሚያስወጣው እሷን፣ ቀጥሎ ወንድሜን እንደሆነም ነገርኋት።

አባ ጨመሩበት። «ኃጢአት የለበትም ልጄ።»

«ኃጢአቱን እርስዎ ይፈቱልኛል አባ። ሐሜቱን ማን ይፈታልኛል?»

 እህል ነጋዴው «እውነቷን ነው» ብሎ አረፈ፤ እሱን ይዤ መሄዴ ስሕተት ነበር።

ሴቲቱም «እሱ ራሱ በአፉ ይበለኝ» አለች። «ሰው እየሰማ። ያን ጊዜ ከእህቴ ጋር ሆኜ እጫረታለሁ። አሁን ተቀመጡ፣ እግራችሁ ተንቀጠቀጠ።»

ወንድሜ ይኸን ሲሰማ አበደ። ሰው ፊት ወጥቶ ቤቴን ግዥኝ ከሚል ሞቱን እንደሚመርጥ ተናገረ። እኔንም አንተ ነህ የጠነሰስኸው ብሎ በአገውኛ አባታችንን እስኪነካ ድረስ ሰደበኝ፤ የሱም አባት መሆኑን ረስቶታል። ከዚያ ግንበኞቹ የተዉትን መሰላል ይዞ ሶሌታው ላይ ወጣ። ሚስቱ «ጋሼ፣ እዚያ ከወጣ አይወርድም፤ ሰሞኑን እዚያ ነው የሚውል» አለችኝ።

ጉልበቴ ደኅና አይደለም። ቢሆንም ወጣሁ። እዚያ ፌሮ መሐል ተቀምጧል። የከተማው ቆርቆሮ፣ ገበያው፣ ከዚያ ወዲያ ባሕር ዛፉ ሁሉ ከዚያ ይታያል። አጠገቡ ተቀመጥሁ። ትንፋሼን መሰብሰብ ያዝሁ።

እሱ ነው የጀመረ፣ በአማርኛ።

«እዚህ ጋ አልጋ ላደርግ ነበር» አለኝ፣ በሁለት ዓምዶች መካከል ያለውን ባዶ እያሳየኝ። «መስኮቱን ወደ ፀሐይ መውጫ። እንጅባራ ብርድ ነው፤ ጉልበትህ እንደሆነ አልቋል። አምጥቼ እዚህ ላስቀምጥህ ነበር። ተኝተህ ሰው ሲያልፍ እያየህ ትሰድባለህ።»

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«ብነግርህ እምቢ ትለኛለህ።»

እውነቱን ነው፣ እል ነበር። ንፋሱ ይመታናል። ያንን ባዶ ቦታ አየሁት። ግድግዳ የለው፣ ጣሪያ የለው፤ ግን መስኮቱ የት እንደሚሆን ታየኝ። ዓይኔን ውኃ ሞላው፤ በንፋሱ አሳበብሁ።

«እንግዲህ አየሁት» አልሁት። «ጥሩ ክፍል ነው። ተመስገን ብያለሁ። አሁን ውረድና አውርደኝ፣ ብቻዬን መውረድ አልችልም።»

ተነሳ። እግሬን እየያዘ በያንዳንዱ እርከን ላይ እያስቀመጠልኝ አወረደኝ። ታች ስንደርስ «እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እላታለሁ» አለ።

እሁድ ሰንበቴ ላይ፣ ዳቤ የምንለው ዳቦ ተቆርሶ ሰው ገና ሳይበተን፣ ተነስቶ ቆመ። ነጠላውን አስተካከለ፣ መልሶ አስተካከለ። ሴቲቱ ከሴቶቹ መሐል አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች።

«ወገኖቼ» አለ። «ባለፈው ዝም ስላላችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ግን ዝምታችሁ ጎዳኝ። ይህች እህቴ ቤቴን እንድትገዛልኝ ለምኛታለሁ፤ እናንተ እየሰማችሁ ደግሞ እለምናታለሁ። እሷን ያማ እኔን ነው የሚያማ። ሌላም መግዛት የሚፈልግ ካለ ይምጣ፣ አልቀየምም።»

ከዚያ ቁጭ አለ። አንድ ሽማግሌ «በሉ ጠላውን አዙሩ» ሲሉ ነው ሰው የተነፈሰ።

ሁለተኛው ሐራጅ ሌላ ሆነ። ከሩቅ የመጣ የቆዳ ጃኬት የለበሰ ሰው ነበር፣ ቤቱን በርካሽ ሊወስድ ደስ ብሎት የመጣ። ቅቤ ነጋዴዋ ከእህቷ ጋር ማስያዣዋን አስይዛለች። ማን ሌላ ቢመጣ ጥሩ ነው? እህል ነጋዴው! «ሌላም ይምጣ ብሏል፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁ» አለኝ ሳልጠይቀው። ጃኬቱ ይጠራል፣ እህል ነጋዴው ይጨምራል፣ ሴቲቱ ትጨምራለች። እህል ነጋዴው ላቡን እየጠረገ ሄዶ ሄዶ ቆመ፤ «በቃ፣ ምኞቴ ወጣልኝ» ብሎ ተቀመጠ። ጃኬቱ አንድ ጊዜ ጨመረ። የወንድሜ ሚስት እጄን ጨምድዳ ይዛኛለች። ሴቲቱ እህቷን አየች፣ እህቷ ራሷን ነቀነቀች፣ ጨመረች። ሰውየው በዙሪያው የሞላውን ሰው ዞሮ አየና «ይሁንላት» አለ።

ዕዳው ተከፈለ። በተረፈውም፣ ብዙ ባይሆንም፣ ወንድሜ ገጠር ባለችው ቁራሽ መሬታችን ላይ እንደገና ዲከረንስ ተከለ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ጠብ ደግሞ ስሙ። ሴቲቱ «የጥጓ ቤት የነሱ ናት፣ ኪራይ አልቀበልም» አለች። ወንድሜ «ያለ ኪራይ አልቀመጥም» አለ። ዕቃውን ጋሪ ላይ እስከመጫን ደረሰ። እንደገና ሽማግሌ ሆኜ ሄድሁ፤ ግማሹን ይክፈል፣ ለግማሹ ቤቱን ይጠብቅላት ብለን ፈረድን። ፌሮው ተቆረጠ፣ ሶሌታው ቆርቆሮ ለበሰ፣ ተከራይም ቀስ በቀስ ተመለሰ።

በዚህ ክረምት ልጠይቀው ሄጄ ነበር። ዝናቡ ሊመጣ አጉረምርሟል። ወንድሜ መሰላል ላይ ወጥቶ ከአሸንዳው ቅጠል በእጁ እየዛቀ ይጥላል።

«ውረድ አንተ!» አልሁት። «ቤቱ እኮ ያንተ አይደለም።»

«ዝናቡ የማን ቤት ነው ብሎ አይጠይቅም። ዝም ብለህ መሰላሉን ያዝ።»

ቅቤ ነጋዴዋ ከሱቋ አንገቷን አውጥታ «ይተዉት አባባ፣ እኔም ተናግሬ ታክቶኛል» አለችኝ።

መሰላሉን ያዝሁ። ከላይ የበሰበሰ ቅጠልና ጭቃ ጋቢዬ ላይ ዘረገፈብኝ።

«አውቀህ ነው!» አልሁት በአገውኛ።

ሲስቅ መሰላሉ ተንቀጠቀጠ፣ እኔም በሁለት እጄ አጥብቄ ያዝሁት።